“በቃኝ” ላለ ሰው ምክንያት አይጠየቅም

በሥራዬ ላይ ደጋግሞ የሚገጥመኝ አንድ ጥያቄ አለ። ጥያቄው ስለ መድኃኒት ወይም ስለ ምርመራ ውጤት አይደለም። ውፍረት ለመቀነስ በጨጓራቸው ላይ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎች ቁስላቸው ድኖ ወደ ቀድሞ ኑሯቸው ሲመለሱ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ዶክተር፣ ሰው ሳያውቅብኝ ከሰው ጋር እንዴት ልብላ?” ይሉኛል።

ጥያቄው ቀላል ሊመስል ይችላል። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ማኅበር፣ ተዝካርና ዓመት በዓል በማይጠፋበት፣ ሰው በአንድ መሶብ ዙሪያ በሚቀመጥበትና ፍቅር በጉርሻ በሚገለጽበት አገር ግን ትልቅ የጤና ጥያቄ ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፌ ሦስት ነገሮችን አነሣለሁ። የመጀመሪያው ይህን ምስጢር መጠበቅ መብት መሆኑን፣ ሁለተኛው ምስጢሩ ከማን ሊደበቅ እንደማይገባ፣ ሦስተኛው ደግሞ ጋባዦች የሆንን ሁላችን ልናርመው የሚገባንን ልማድ ይመለከታል።

ቀዶ ሕክምናው ምንድን ነው?

ከልክ ያለፈ ውፍረት የሀብታም አገሮች ችግር ብቻ መሆኑ ቀርቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከስምንት ሰዎች አንዱ ከልክ ያለፈ ውፍረት እንዳለበት አስታውቋል። በእኛም ከተሞች ተቀምጦ መዋል፣ ጣፋጭና በዘይት የተጠበሰ ምግብ ማዘውተር እየተለመደ ሲመጣ፣ ከውፍረት ጋር የተያያዙት የስኳር ሕመም፣ የደም ግፊትና የመገጣጠሚያ ሕመም በየጤና ተቋሙ በብዛት ይታያሉ።

ቀዶ ሕክምናው ለሁሉም ሰው የሚሰጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የዘርፉ ዓለም አቀፍ ማኅበራት መመሪያ፣ ክብደት ለቁመት ያለው ምጣኔ 35 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው እንዲታሰብ ይመክራል። ምጣኔው ከ30 እስከ 35 ሆኖ እንደ ስኳር ያለ ሕመም ላለበት ሰውም ሊታሰብ እንደሚችል ይገልጻል። ለምሳሌ ቁመቱ 1 ሜትር ከ65 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው ክብደቱ 95 ኪሎ ግራም ገደማ ሲደርስ ምጣኔው 35 ይሆናል። ምጣኔው በአንድ ኪሎ ግራም ስላለፈ ብቻ ግን ማንም ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል አይገባም። ምርመራ፣ የአመጋገብ ምክርና የሥነ ልቦና ዝግጅት ይቀድማሉ።

በስፋት የሚሠሩት ዓይነቶች ሁለት ናቸው። በአንደኛው ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣና የቀረው እንደ ቱቦ ጠባብ ይሆናል። በሁለተኛው ደግሞ ከጨጓራው ጫፍ ከቡና ሲኒ ያነሰ ትንሽ ከረጢት ተለይቶ ከትንሹ አንጀት ጋር በቀጥታ እንዲገናኝ ይደረጋል። በሁለቱም መንገድ ሰውየው በጥቂት ምግብ ይጠግባል፤ ረኀብን የሚቀሰቅሱት ሆርሞኖችም ይለወጣሉ። ይህን ሕክምና አንዳንዶች በአገር ውስጥ፣ አንዳንዶች ደግሞ ወደ ውጭ አገር ሄደው ያደርጉታል። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በዓረብ አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችንም ሕክምናውን በዚያው አድርገው ለበዓል ወደ አገር ቤት ይመጣሉ። እዚህ ሲደርሱ የሚጠብቃቸው ታዲያ በየዘመዱ ቤት የተዘረጋ ገበታ ነው።

ገበታችን ለምን ይከብዳቸዋል?

ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ገደማ ፈሳሽ ብቻ ይወስዳል። ከዚያ የተፈጨ፣ ቀጥሎ ለስላሳ ምግብ እየለመደ ወደ ሁለት ወር ሲጠጋ ወደ መደበኛ ምግብ ይመለሳል። ያን ጊዜም ቢሆን ሕጉ ጥብቅ ነው። በትንሽ በትንሹ መጉረስ፣ እያንዳንዱን ጉርሻ ሃያና ሠላሳ ጊዜ ማኘክ፣ የጥጋብ ስሜት እንደመጣ ወዲያውኑ ማቆም፣ ምግብና መጠጥን ቢያንስ በግማሽ ሰዓት መለያየት ያስፈልጋል።

አሁን ይህን ሰው በሠርግ ቤት አስቡት። የቤቱ እናት በእንጀራ ጠቅልላ የምትሰጠው ጉርሻ ለሌላው ሰው የፍቅር ምልክት ነው። ለእርሱ ግን ጠባቧን መተላለፊያ ሊወትፍ የሚችል ነገር ነው። በደንብ ሳይታኘክ የተዋጠ እንጀራ፣ ዳቦ ወይም ጥሬ ሥጋ ደረት ላይ የመወተፍ ሕመም፣ ምራቅ መብዛትና ትውከት ያስከትላል። በላዩ ላይ ለስላሳ መጠጥ ወይም ጠጅ ሲጨመርበት ችግሩ ይበረታል። በተለይ ሁለተኛውን ዓይነት ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ጣፋጭ ነገር ሲወስድ፣ ስኳሩ በፍጥነት ወደ አንጀት ስለሚገባ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ልብ መምታት፣ ላብ፣ ማዞርና የሆድ ቁርጠት ሊገጥመው ይችላል። ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ቆይቶም የደሙ ስኳር ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል።

አንዲት ታካሚዬ የደረሰባትን ልንገራችሁ። ማንነቷን የሚያሳውቅ ዝርዝር ሁሉ ቀርቷል። ቀዶ ሕክምናውን ካደረገች ጥቂት ወራት በኋላ የባሏ ዘመድ ሠርግ ላይ ተገኘች። አንዲት እናት “በሞቴ” ብለው አጎረሷት። “አንድ ጉርሻ ያጣላል” ተብሎ ሁለተኛው ተከተለ። ወዲያው ወደ ጓሮ ወጥታ አስመለሳት። ማታ ላይ ዘመዱ ሁሉ “እርጉዝ ናት” እያለ እልል ማለት ጀመረ። እርሷ ግን የተነገራት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት፣ ቢቻል አንድ ዓመት ተኩል እርግዝና እንድታዘገይ ነበር። ባሏ “ጨጓራዋን አሟት ነው” ብሎ ነገሩን ቢያበርደውም፣ እርሷ ከዚያ በኋላ ለወራት ግብዣ ከሚባል ነገር ሁሉ ቀረች። ለጤናዋ ብላ ያደረገችው ሕክምና ከሰው የሚለያት ሆነ።

ምስጢሩ የማን ነው?

አንዳንድ ሰዎች “ለምን ይደበቃል? ሌባ ነው እንዴ?” ሲሉ እሰማለሁ። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” የሚለውን አባባል የሚጠቅሱም አሉ። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን መድኃኒት ከሚሰጥ ሰው መደበቅን እንጂ ለሠርግ እድምተኛ አለመንገርን አይነቅፍም። የአንድ ሰው ጨጓራ መጠን የጉባኤ ጉዳይ አይደለም። የአንጀት ወይም የማሕፀን ቀዶ ሕክምና ያደረገን ሰው በገበታ መካከል “የተቆረጠልህ የት ነው?” ብለን እንደማንጠይቅ ሁሉ፣ ይህንንም ልንጠይቅ አይገባም።

የዚህ ሕክምና ታካሚዎች ዝም የሚሉበት ምክንያትም አላቸው። በእኛ ባህል “አማረብህ፣ ወፈርክ” ምስጋና ሲሆን “ምነው ከሳህ?” ደግሞ ሥጋትን ይገልጻል። በጥቂት ወራት ውስጥ ሠላሳ ኪሎ ግራም የቀነሰ ሰው ክፉ በሽታ እንደያዘው በሹክሹክታ ይወራበታል። ቀዶ ሕክምና ማድረጉ ሲታወቅ ደግሞ ወሬው ይለወጥና “አፉን መቆጣጠር አቅቶት”፣ “በአቋራጭ ሄዶ” ይባላል። ይህ አባባል ስሕተት ነው። ከልክ ያለፈ ውፍረት በዘር፣ በሆርሞን፣ በአካባቢና በኑሮ ሁኔታ የሚመጣ ሕመም እንጂ የሆዳምነት ቅጣት አይደለም። ቀዶ ሕክምናውም አቋራጭ አይደለም፤ ዕድሜ ልክ ቪታሚን መውሰድን፣ ክትትልንና የአመጋገብ ጥንቃቄን የሚጠይቅ ረጅም መንገድ ነው።

ስለዚህ አቋሜ ግልጽ ነው። መናገር የፈለገ ይናገር፤ ንግግሩ ሌሎችን ያስተምራል። መናገር ያልፈለገ ግን ለማንም ማብራሪያ ዕዳ የለበትም።

በገበታ ላይ ምን ማድረግ ይቻላል?

ደስ የሚለው ነገር የጋራ ገበታችን ራሱ ምስጢር ጠባቂ መሆኑ ነው። ለየብቻ በሳሕን ሲበላ የተረፈው ይታያል፤ በአንድ መሶብ ሲበላ ግን ማን ምን ያህል እንደበላ የሚቆጥር የለም። ቁራሹን አነስ አድርጎ መቁረስ፣ ቀስ ብሎ ማኘክና ጨዋታውን መቀጠል ብቻ ብዙ ጥያቄ ያስቀራል።

ከሚጎርሱ ይልቅ የሚያጎርሱ ይሁኑ። ለጎረቤትዎ ትንሽ ጉርሻ የሚሰጡ፣ እጅ የሚያስታጥቡ፣ ወጥ የሚጨምሩ፣ ቡና የሚያድሉ ሰው ሲሆኑ “ምነው አልበላህም?” የሚል ሰው ይቀንሳል። ጉርሻ ከመጣብዎት ደግሞ በእጅዎ ተቀብለው “አመሰግናለሁ፣ ቀስ ብዬ እበላዋለሁ” ማለት ይቻላል። እንዲህ ሲያደርጉ ሰጪውን ሳያሳፍሩ መጠኑን ራሱ እጅዎ ይወስናል።

በገበታው ላይ ካለው ፕሮቲኑን ያስቀድሙ። ብዙውን ጊዜ የሚመከረው በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ይይዛል። ስለዚህ ዶሮ ወጥ ከቀረበ እንቁላሉንና ለስላሳውን ሥጋ፣ ከዚያም አይቡን ያስቀድሙ፤ እንጀራው በመጨረሻ ይምጣ። በጾም ወቅት ምስር፣ ክክ፣ ሽሮና በሚፈቀድበት ጊዜ ዓሣ ይረዳሉ። መጠጥ ከምግብ ጋር ስለማይስማማ ብርጭቆው ፊት ለፊትዎ ተቀድቶ ይቀመጥ። ፊቱ ብርጭቆ ያለ ሰው “ምን ልቅዳልህ?” አይባልም። ቡናው ከምግቡ ዘግይቶ የሚፈላ በመሆኑ ልማዳችን ራሱ የሚፈለገውን ክፍተት ይሰጣል። ስኳሩን ብቻ ያሳንሱ።

አልኮልን በተመለከተ የማያወላውል ምክር አለኝ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አልኮል በፍጥነት ወደ ደም ይገባል፤ ቀድሞ ሞቅ እንኳ የማያደርገው መጠን አሁን ሊያሰክር ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ፈጽሞ አይጠጡ፤ ከዚያም በኋላ አንድ ብርጭቆ ጠጅ ጠጥተው መሪ አይጨብጡ።

ቃልን በተመለከተ ደግሞ፣ ምስጢር መጠበቅ መዋሸትን አይጠይቅም። “ጨጓራዬ ብዙ አይችልልኝም” የሚለው ሐረግ በአገራችን ሁሉም የሚረዳው ነው፤ ለእርስዎም ፍጹም እውነት ነው። “በልቼ ነው የመጣሁት” ለማለትም ከቤት ትንሽ ፕሮቲን በልቶ መውጣት በቂ ነው። የሌለብዎትን በሽታ ግን አይጥሩ። “ስኳር አለብኝ” ብለው ያመለጡ ሰው ነገ በድንገት ራሱን ቢስት፣ ያጀቡት ዘመዶች ለሐኪሙ “የስኳር ሕመምተኛ ነው” ይሉና ሕክምናው በተሳሳተ መንገድ ይጀመራል።

“እንዴት ከሳህ? እኛንም ንገረን” ለሚለው ጥያቄም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። “በሐኪም ክትትል ነው” ማለት እውነትም ጨዋነትም ነው። “ሎሚ በሙቅ ውኃ እየጠጣሁ ነው” ወይም “እራት በመተው ነው” ማለት ግን ጠያቂውን ይጎዳዋል። ያንን ሰምቶ ለወራት ሎሚ የጠጣና አንድ ኪሎ ግራም ያልቀነሰ ሰው ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል፤ አንዳንዱም ወደ ሐኪም ሊሄድ የሚገባውን ጊዜ ያባክናል። ምስጢራችን የራሳችን ነው፤ ሌላውን የሚያሳስት ምክር የመስጠት መብት ግን የለንም።

ምስጢሩ የማይሠራባቸው ቦታዎች

ምስጢር መጠበቅ ወደ አደጋ የሚለወጠው በሕክምና ቦታ ዝም ሲባል ነው። በየትኛውም ክሊኒክ፣ ለየትኛውም ሕመም ሲሄዱ ቀዶ ሕክምና ማድረግዎን፣ ዓይነቱንና ጊዜውን ይናገሩ። ሐኪም የሰማውን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ለምን እንደሚያስፈልግ በሦስት ምሳሌዎች ላስረዳ።

አንደኛ፣ ለራስ ምታት ወይም ለጥርስ ሕመም ከመድኃኒት ቤት በቀላሉ የሚገዙት አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ፣ በተለይ ጨጓራው ከአንጀት ጋር በተገናኘበት ቦታ ላይ ቁስልና መድማት ሊያስከትሉ ይችላሉ። ስለዚህ የመድኃኒት ባለሙያውም ማወቅ አለበት።

ሁለተኛ፣ ለቀናት ያስመለሰው ሰው በአቅራቢያው ወዳለ ክሊኒክ ሄዶ “ጨጓራ ነው” ካለ፣ አቅም እንዲያገኝ በሚል ግሉኮስ ሊሰቀልለት ይችላል። ቀዶ ሕክምና አድርጎ ለረጅም ጊዜ ያስመለሰ ሰው ግን ቪታሚን ቢ1 ሊያልቅበት ይችላል። ቪታሚኑ ሳይሰጠው ግሉኮስ ብቻ ቢሰቀልለት አንጎልን የሚጎዳ ችግር ሊፈጠር ይችላል። ችግሩ የዓይን መንሸዋረር፣ ሲራመዱ መንገዳገድና ግራ መጋባት ያስከትላል፤ ጉዳቱ ዘላቂ ሊሆን ይችላል። በአንዲት ዓረፍተ ነገር ሊከላከሉት የሚችሉት አደጋ ነው።

ሦስተኛ፣ ለሴቶች፣ በአፍ የሚወሰድ የወሊድ መቆጣጠሪያ ከአንዳንዶቹ የቀዶ ሕክምና ዓይነቶች በኋላ እንደ ቀድሞው ላይሠራ ይችላል። እርግዝና የሚዘገይበት ዘዴ ከሐኪም ጋር መመረጥ አለበት።

ከባለሙያ ውጭ ቢያንስ አንድ የቅርብ ሰው ይወቅ። የትዳር ጓደኛ፣ እኅት ወይም ጓደኛ ሊሆን ይችላል። ይህ ሰው በግብዣ ላይ “ተዉት፣ በልቷል” የሚል ጠበቃ ይሆናል፤ ድንገት ሕመም ቢመጣም እውነቱን ለሐኪም ይናገራል። ብቻዎን የሚኖሩ ከሆነ የቀዶ ሕክምናውን ዓይነትና ቀን የያዘ ትንሽ ወረቀት በቦርሳዎ ይያዙ። ጾምን በተመለከተም፣ ረጅም ሰዓት ያለ ምግብና ያለ ውኃ መቆየት በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይጎዳል። ከሐኪምዎ ጋር ከተነጋገሩ በኋላ ለንስሐ አባትዎ ወይም ለሚያምኑት የሃይማኖት አባት ያማክሩ። እነርሱም ምስጢር ጠባቂዎች ናቸው።

ለገበታ ይሉኝታ ብለው ፈጽሞ ችላ ሊሏቸው የማይገቡ ምልክቶችም አሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚከሰት ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የማይቆም የሆድ ወይም የትከሻ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ እግር ማበጥ እንዲሁም በማንኛውም ጊዜ ውኃ እንኳ አለመቆየት፣ ደም ማስመለስና ጥቁር ሰገራ ሲታዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። የሚወስዷቸው ቪታሚኖች፣ ማለትም ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየምና ቪታሚን ዲ፣ “ደህና ሆኛለሁ” ተብለው የሚቋረጡ አይደሉም። እንግዳ እንዳያይ ተብለው ተደብቀው የሚረሱትም ብዙ ጊዜ እነርሱ ናቸው። የእጅ ስልክዎ ማንቂያ ያስታውስዎ።

ለጋባዦች

እስካሁን የተናገርኩት ለታካሚው ነው። ከባዱ ሥራ ግን የእኛ የጋባዦች ነው ብዬ አምናለሁ። “በሞቴ”፣ “አፈር ስሆን”፣ “ካልበላሽ አልወድሽም” የምንለው ከፍቅር ነው። ከእነዚህ ቃላት ፊት የተቀመጠው ሰው ግን የጨጓራ ታካሚ፣ የኩላሊት ሕመምተኛ፣ የስኳር ሕመምተኛ ወይም ከአመጋገብ ጋር የተያያዘ ጭንቀት ያለበት ሊሆን ይችላል። እኛ ማወቅ አንችልም፤ ማወቅም የለብንም። ማወቅ ያለብን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ሰውየው “በቃኝ” ማለቱ ነው።

ጉርሻ ይቅር አልልም። ጉርሻ ከመልካም ልማዶቻችን አንዱ ነው። ነገር ግን ስጦታ የሚሆነው ተቀባዩ መጠኑን መምረጥ ሲችል ነው። “ላጉርስህ?” ብሎ መጠየቅ፣ “ትንሽ ይሁን” ሲባል ትንሽ ማድረግ፣ “ይቅርብኝ” ሲባል ደግሞ ያለ ቅሬታ መተው የጉርሻን ፍቅር አያጎድልም። አንድ ጊዜ መጋበዝ ደግነት ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ ማስታወስም ክፋት የለውም። ሦስተኛውና አራተኛው ግን ግዳጅ ነው። በሰው አካል ላይ፣ መክሳትም ሆነ መወፈር፣ በአደባባይ አስተያየት ከመስጠትም እንቆጠብ። “እንኳን በሰላም መጣህ” ከ“ምነው ከሳህ” ይሻላል።

የቀዶ ሕክምናው ውጤት የሚለካው በሚዛን ብቻ አይደለም። ሰውየው ከቤተሰቡና ከጎረቤቱ ጋር ያለ ፍርሃት ተቀምጦ ጥቂት በልቶ፣ ብዙ ተጫውቶ መነሣት መቻሉም የጤናው አካል ነው። ሰው ለብቻው እንዲበላ ያደረገ ገበታ እንግዳ ተቀባይ አይባልም። በሚቀጥለው በዓል ከመሶቡ ዙሪያ ትንሽ የሚቆርስ፣ ቀስ ብሎ የሚያኝክ ሰው ካያችሁ ምንም አትጠይቁት፤ ጨዋታውን ቀጥሉለት።